ለሳሎን ቲቪ ትንሽና ድምፅ አልባ ኮምፒውተር ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አዳማ ውስጥ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሳሎን ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማታም ቤቱ ቶሎ አይበርድም። ፊልሙ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ደርሶ ሰዎቹ ቀስ ብለው ሲያወሩ ከቲቪው ስር ያለችው ኮምፒውተር ፋኗን ስታስጮህ በጣም ነው የሚያናድደው። ሰሞኑን "የትኛዋን ሚኒ ፒሲ ልግዛ" የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ ሁሉም የሚሳሳቱት ደግሞ እዛው ቦታ ላይ ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው።

ትልቁ ስህተት "አይ7 ነው" ሲባል ዝም ብሎ መግዛት ነው። እኔም የገዛሁት እንደዛ ነበር፣ የኢንቴል አይ7 ፕሮሰሰር፣ ፎርዝ ጀነሬሽን (አራተኛ ትውልድ)፣ 16 ጂቢ ራም፣ ሻጩም "ይሄ ምንም አያቅተውም" አለኝ። ቤት ወስጄ በኤችኢቪሲ 10 ቢት (ቪዲዮ የሚታመቅበት ፎርማት ነው) የተሰራ ፎርኬ ፊልም ስከፍትበት ድምፁ ይሄዳል ምስሉ ይቆማል፣ ፋኑ ደግሞ አባዬ የቲቪውን ድምፅ እስኪጨምር ድረስ ይጮሃል። ችግሩ ጉልበት አይደለም። ቪዲዮ የሚፈታ ለብቻው የተሰራ ክፍል ቺፑ ውስጥ አለ፣ እሱ የፊልሙን ፎርማት የማያውቀው ከሆነ ስራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ፋኑ ይነሳል። ኢንቴል ላይ ኤችኢቪሲ 10 ቢትን በደንብ የሚፈታው ከሰቨንዝ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ሲክስዝ ጀነሬሽን 8 ቢቱን ብቻ ነው የሚችለው። ዩቲዩብ አሁን ከሚጠቀምባቸው ፎርማቶች አንዱ የሆነው ኤቪ1 ደግሞ ከ11ኛው ጀምሮ ነው የገባው። ስለዚህ አይ3 ሰቨንዝ ጀነሬሽን ለዚህ ስራ ከአይ7 ፎርዝ ጀነሬሽን ይበልጣል። ጀነሬሽኑን ለማወቅ ከሰረዟ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ፣ አይ5-7500ቲ ከሆነ 7 ነው።

የመጨረሻዋን ፊደልም አትለፏት። ቲ ያለበት 7500 35 ዋት ነው፣ ቲ የሌለበት 65 ዋት። ዋቱ በበዛ ቁጥር ሙቀቱም ይበዛል፣ ለትንሽ ሳጥን ይሄ ሰፊ ልዩነት ነው። አዲስ መግዛት የምትችሉ ደግሞ በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 የሚባለው ፕሮሰሰር 6 ዋት ብቻ ነው፣ ኤቪ1ንም ይፈታል፣ ፋን የሌላቸው ሳጥኖችም ተሰርተውበታል፣ እኔ ብጠየቅ እሱን ነው የምመርጠው።

ሁለተኛው፣ ሱቅ ውስጥ ዴስክቶፑን ብቻ አይቶ መክፈል። ዴስክቶፕ ላይማ ሁሉም ጸጥ ይላል! ፍላሽ ላይ የራሳችሁን ከባድ ፊልም ይዛችሁ ሂዱ፣ አስከፍቱት፣ ከዛ ኮንትሮል ሺፍት ኢስኬፕ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩውን (ፕሮሰሰሩን) እዩ። ፊልሙ እየሄደ ሲፒዩው 90 ፐርሰንት ምናምን ከሆነ፣ ጂፒዩ (የምስሉ ቺፕ) ስር ያለው ቪዲዮ ዲኮድ ደግሞ ዜሮ ከሆነ እንዳትገዙት። 10 ደቂቃ ጠብቁና ጆሯችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ፋኑን ስሙት። ፍላሽ መሰካት አይቻልም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የቲቪ ገመድ የሚሰካበትንም ወደብ ከኋላ እዩት፣ አንዳንድ ያገለገሉ የቢሮ ሚኒ ፒሲዎች ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ነው ያላቸው፣ ቲቪያችሁ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ነው። አዳፕተር አለ፣ ግን ርካሹ ብዙ ጊዜ ፎርኬን በ30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ምስል) ብቻ ነው የሚያወጣው። ራም ላይ ብር አታፍስሱ፣ ለፊልም ብቻ ከሆነ 4 ጂቢ ላይ ሊብሬኤሌክ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ቀላል ሲስተም) ጭናችሁ በኮዲ፣ አብሮት በሚመጣው የፊልም ማያ ፕሮግራም፣ በደንብ ታያላችሁ። ውስጥ ያለው ዲስክ ኤስኤስዲ ይሁን፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው የቦታው ነገር ነው። ኮምፒውተሯን ቡፌው ውስጥ አስገብቶ መስታወቱን መዝጋት ትልቅ ጥፋት ነው፣ የተነፈሰችውን ሙቅ አየር መልሳ ነው የምትስበው። እኛ ቤት ፋኗ ያለወትሮዋ መጮህ ስትጀምር ተበላሸች ብዬ ልከፍታት ነበር፣ ለካ እማዬ ቤቱን ስታሳምር አዲስ ዳንቴል ላይዋ ላይ ጣል አድርጋለች፣ የአየር መውጫው በሙሉ ተሸፍኗል። እማዬን "ዳንቴሉን ለቲቪ ስታንዱ እናድርገው" አልኳት፣ እሺ አለች፣ ፋኗም በ5 ደቂቃ ውስጥ ተረጋጋች። የአዳማን ንፋስና አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በሁለት ሶስት ወር አንዴ አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉላት። መሬት ላይ አታስቀምጧት፣ አቧራው የሚበዛው እዛ ነው።

የመጨረሻው መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዲቫይደር ላይ እንዲሁ ሰክቶ መተው አዳፕተሩንም ዲስኩንም ሊጎዳ ይችላል፣ አቅም ካለ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆያት ባትሪ)፣ ከሌለ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነቅሎ መጠበቅ። ዩፒኤስ ካላችሁ ባዮስ (ኮምፒውተሯ ስትነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ በራሷ እንድትነሳ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብሩት፣ ብዙዎቹ የቢሮ ሚኒ ፒሲዎች ላይ አለ፣ እናትና አባት ቁልፏን ፍለጋ ከቲቪው ኋላ እጃቸውን እየሰደዱ አይቸገሩም።