በካቶሊክ ኮሌጅ የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እንዴት ይጀመራል? ተማሪዎችን ለሥራ ዓለም ከሚያዘጋጀው የሙያ ክበብ ጋርስ እንዴት ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ኮሌጅን ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባላት) የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ስታይለስ የተባለው የተማሪዎቹ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በ1882 ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅንም እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ያስጀመሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ተማሪዎቹም በኮሌጁ በዓል ላይ ግጥም ያነቡ ነበር። ስለዚህ በካቶሊክ ኮሌጅ የምትማሩ ከሆነ መጽሔት ለመጀመር አታመንቱ።

መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ሂዱና የድሮ እትም ካለ ጠይቁ። የተቋረጠ መጽሔት ካገኛችሁ በስሙ ቀጥሉ፤ አዲስ ክበብ ከማስመዝገብ ይቀላል። ከዚያ አማካሪ መምህር ፈልጉ። ታዋቂውን ሳይሆን የጻፋችሁትን ቁጭ ብሎ የሚያነበውን።

ቀጥሎ ያለውን ጉዳይ አትዝለሉት። አንድ ቀን እምነትን የሚጠይቅ ወይም በእግዚአብሔር ላይ የሚያማርር ግጥም ይመጣል፣ ያኔ ማን እንደሚወስን ካልታወቀ ጭቅጭቁ መጽሔቱን ይዞት ይሞታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እትም በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፦ አማካሪው ይመክራል፣ አርታኢዎቹ ይወስናሉ። እኔ እንዲህ ዓይነቱ ግጥም መውጣት አለበት ባይ ነኝ። ዳዊት ራሱ በመዝሙሩ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ብሏል እኮ።

አሁን ጥሪ አውጡ። ለአንድ ሰው እስከ 3 ግጥም፣ ለልብ ወለድ እስከ 3000 ቃል ይበቃል። ቀነ ገደብ አስቀምጡ፣ የቅጂ መብቱም የደራሲው እንደሆነ ጻፉ። አንድ ሰው ብቻ የጸሐፊዎቹን ስም ከጽሑፎቹ ላይ አንስቶ ቁጥር ይስጣቸው፤ ሌሎቻችሁ ስም ሳታዩ አንብቡ። ማንም የራሱ ሥራ ላይ ድምፅ አይስጥ።

መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ በአማርኛ የሚጽፍ ካለ የአማርኛውን ጽሑፍ ከትርጉሙ ጎን አትሙለት። ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ይላክ፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። አማርኛ የሚያነብ ሰውም የመጨረሻውን ረቂቅ ይይ።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ገጾቹን ቁጠሩ። መሐሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፦ 32 ወይም 36 ይሆናል፣ 34 አይሆንም። አንድ ናሙና አሳትማችሁ ሳታዩ ሙሉውን አትዘዙ።

የሙያ ክበቡን እዚህ ላይ አስገቡት። ብዙ ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚያ ድርሽ አይልም፣ የሂሳብ አያያዝ ተማሪውም መጽሔቱን አያውቀውም፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። የክበቡ ልጆች በጀቱን ይያዙ፣ ከተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ዋጋ ይሰብስቡ። እናንተ ደግሞ ሲቪያቸውንና የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን አርሙላቸው። በሕትመትና በጋዜጠኝነት የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎችን አንድ ላይ ጋብዙ። የራሳችሁ ሲቪ ላይም «የመጽሔት ክበብ አባል» ብላችሁ አትለፉት። «ባለ 32 ገጽ መጽሔት ከጥሪ እስከ ሕትመት መርቻለሁ» በሉ፣ የሠራችሁት ይህን ከሆነ።

ከመመረቃችሁ አንድ ዓመት ቀድማችሁ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ምክትል አድርጉ። ፋይሉና የይለፍ ቃሉ በግል ኢሜይላችሁ ሳይሆን በክበቡ አካውንት ይቀመጥ። ከየእትሙም ሁለት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ።