ለእጅ አንጓ በልክ የተሠራ ድጋፍ በስሪዲ ስካነርና ፕሪንተር ስለማዘጋጀት

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት እጁን መርምሮ አንጓው በምን ዓይነት አቋም መያዝ እንዳለበት መወሰን ይኖርበታል። እብጠቱ ያልጎደለ እጅ ለዚህ ድጋፍ ገና አልደረሰም፤ እብጠት ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ ዛሬ ልክ የሆነው ድጋፍ ነገ ደም ሊያግድ ይችላልና፣ በዚህ ላይ መቸኮል አይገባም።

ከሁሉ አብልጬ ጊዜ የምሰጠው ለስካኑ፣ ማለትም የእጁን ቅርጽ በስካነር ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ነው፤ እጁ ስካን ሲደረግ የያዘውን አቋም ድጋፉም እስከ መጨረሻው ይዞት ይቀራል። ክርኑ ጠረጴዛ ላይ ዐርፎ ጣቶቹ ላላ ይበሉ፤ አንጓው በአብዛኛው ወደ እጅ ጀርባ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቀና ይላል፤ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ጣት ለሚደነዝዝበት ሕመም ግን ቀጥ ያለ አቋም ይመረጣል። በትንሿ ጣት በኩል ከአንጓው ላይ ጎላ ብሎ የሚታየውን አጥንት አስቀድመው በእስክሪብቶ ያክብቡት፤ ስካነሩ ቀለም የሚያነብ ከሆነ ክቡ በምስሉ ላይ ይወጣል። እጁ ተንቀሳቅሶ ቆዳው በምስሉ ላይ ተደራርቦ ከታየ፣ በኮምፒውተር ከማቃናት እንደገና ስካን ማድረግ ይሻላል።

በንድፉ ላይ ውፍረቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አድርገው፣ በተከበበው አጥንት ላይ፣ ድጋፉ እንዳይጫነው፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። የድጋፉ ጫፍ ጣቶች ሲታጠፉ መዳፍ ላይ ከሚሠራው መስመር በታች፣ በአንጓው በኩል ይቁም፤ አለዚያ ጣቶቹ በሙሉ አይጨበጡም። ጠርዙ ሹል ሳይሆን ልስልስ ይሁን፤ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎችም ይኑሩት።

ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ለማተም ቀላል ቢሆንም በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚለሰልስ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ድጋፍ ቅርጹን ያጣል፤ ፒኢቲጂ ወይም ናይለን የሚባለው ፕላስቲክ ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ፕላስቲኩ በንብርብር ስለሚሠራ፣ ድጋፉ ሽቅብ ቆሞ ከታተመ ንብርብሮቹ ክንዱን አቋርጠው ስለሚያርፉ አንጓው በገፋው ቁጥር በዚያው መስመር ይሰነጠቃል፤ አጋድሞ ማተም ይህን ይቀንሳል።

መጀመሪያ ድጋፉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ይደረግ፤ ከወለቀ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልጠፋ ቅላት ካለ፣ ያ ቦታ ተጭኗልና ንድፉ ይስተካከል። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ድጋፉ ወዲያውኑ ወልቆ ሐኪም ይታይ። በስኳር ሕመም ምክንያት የእጁ ስሜት የቀነሰ ሰው ግን ጭነቱን በሕመም ስለማያውቀው፣ ቆዳውን ቤተሰብ በየቀኑ በዓይኑ እያየ ይከታተልለት።