በአሮጌ ኮምፒውተር ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ አራዳ አካባቢ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒውተር ብታገኙ አይግረማችሁ። ኮምቦልቻም ብትወርዱ ፒችትሪ በሚባለው የድሮ የሒሳብ ፕሮግራም ሒሳብ የሚዘጋ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ስህተት እነዚህን ሰዎች ኋላ ቀር ማለት ነው። ፒችትሪ አሜሪካ ውስጥ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ ግን ተማሪው የሚማረው ያንኑ ድሮውን ፒችትሪ ነው፤ ቀጣሪውም የሚጠይቀው እሱን ነው። የድርጅቱ የዓመታት ሒሳብ ያለውም እዚያው ነው። «ለምን አትቀይረውም?» ከማለት ሒሳቡን ወደ ኤክሴል እንዴት እንደሚያወጣ ማሳየት ይሻላል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ያስለቅሳል፦ አማርኛውን በድሮ ፊደል ትቶ መቀመጥ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የድሮ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ጸሐፊዋ ያኔ የተየበችው ውል አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት «ውል ሰጪ» የሚለው ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይደረደርበታል። ባለጉዳዩ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሮጌው ማሽን ሳይሞት ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። ለንባብ ብቻ የሚፈለገውን ፒዲኤፍ አድርጉት።

ሌላው ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍት) ለመጫን አንቲቫይረስ ማጥፋት ነው። የዋናው ፕሮግራም ዋጋ እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ግን ክራኩን ማን እንደሠራው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም። አፕዴት መዝጋትም እንዲሁ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የገባበት ቀዳዳ መድፈኛው የወጣለት ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተጠቁት ያላደሱት ናቸው።

የመጨረሻው «ዊንዶውስ 10 አበቃለት» ብሎ ደህና ኮምፒውተር መጣል ነው። እርግጥ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. ቆሟል። ግን 4 ጊጋ ራም ካለው በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት በደንብ ይሠራበታል፤ የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስም የወርድ ፋይል ይከፍታል። ሁለቱም በነፃ ናቸው። ፒችትሪ ያለበትን ግን አትንኩት፤ ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ለሒሳብ ብቻ ተዉት። ባክአፑን በየሳምንቱ ውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ያንን ዲስክ ደግሞ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን ላይ እንዳትሰኩት።