የተበላ የጀልባ ማሳለፊያ እንዴት ይነቀላል፣ እንዴትስ ይተካል?

አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ የሚገዛ ሰው ሸራዋን ዘርግቶ ያያል፣ ሞተሯን አስነስቶ ያዳምጣል። ወለሉን አንስቶ ከታች ያሉትን ማሳለፊያዎች የሚነካካ ግን ጥቂት ነው። ማሳለፊያ የምለው የጀልባዋን ሆድ በስቶ የሚወጣውን አጭር የብረት አንገት ነው። በውጭ በኩል እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ ራስ አለው፤ በውስጥ በኩል ዳዶና ቫልቭ ይታሰሩበታል። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባው፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ የሚወጣው በዚህ ነው። ከውሃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ የ4 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። እኛ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች አናፖሊስ ወርደን የምንገዛት ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች ከሆነች፣ ማሳለፊያዋም እኩያዋ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ብረቱን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርጉት። ደህና ነሐስ ወርቃማ ሆኖ ያበራል። ሮዝ መልክ ካሳየ ግን አትመኑት። በተለይ ናስ ከሆነ፣ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ስለሆነ ጨዋማው ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ አሟጥጦ ይወስደዋል። የቀረው መዳብ ቅርጹን ይዞ ይቆያል እንጂ ጉልበት የለውም። የእኔን ጀልባ ቀድሞ የያዛት ሰው ለቤት ቧንቧ የተሠራ የናስ ቫልቭ አስሮባት ነበር። እጀታውን ስጠመዝዘው ቫልቩ ከነአንገቱ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ጀልባዋ የብስ ላይ ስለነበረች ሳቅሁ።

ስለዚህ ይህ ሥራ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ በድጋፍ ላይ ስትቆም ብቻ የሚሠራ ነው። ክረምቱ ሳያልፍ ባትጀምሩት ይሻላል፤ ኤፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫም ሆነ ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባው ማሸጊያ በብርድ በደንብ አይደርቅም።

ቫልቩ ላይ የታሰረውን የውሃ ጎማ ለመንቀል አትታገሉ፤ ቁረጡት። ለማንኛውም አዲስ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ ቫልቩንና ዳዶውን በቧንቧ መፍቻ ሞክሩ። ከተፈቱ እሰየው። በአሮጌ ጀልባ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነቃነቁም፤ ሰውም ትዕግስቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ያስገባና ይጎትታል፤ ሌላው እሳት ያመጣል። ጉተታው የጀልባዋን ሆድ ፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ የተያያዘውን የመስታወት ክር ንብርብር፣ ሊሰነጥቅ ይችላል፣ እሳቱም ሙጫውን ያቃጥለዋል። መጠበቅ ያለበት ቀዳዳው ነው፤ ብረቱ ለማንኛውም ወደ ቅራቅንቦ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ቁረጡት።

የሚቆረጠው በውጭ በኩል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ዓይንና አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ፤ ከጀልባ ሆድ ላይ የሚነሣው የቀለም ብናኝ መዳብ ያለበት መርዝ ነው። ግራይንደር ላይ ሻካራ ዲስክ ግጠሙና የማሳለፊያውን ራስ ከፊት ለፊቱ በጠፍጣፋው እየፈጫችሁ አሳሱት። አትቸኩሉ፤ ብረቱ ሲግል አረፍ እያላችሁ ሥሩ። ራሱ እየሳሳ ሲሄድ አንገቱና ራሱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን ክብ መስመር ብቅ ይላል። ትንሽ ስትቀጥሉ ቀለበቱ በዲስኩ ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እዚያ ላይ ግራይንደሩን አጥፉና ቀለበቱን በካቻቢቴ ፈልቅቁት። ብናኙ ከወርቃማ ወደ ነጭ ከተለወጠ ፋይበርግላሱን ነክታችኋል ማለት ነው፤ ወዲያው አቁሙ። ራሱ ከተነሣ በኋላ የቀረው አንገት በእንጨት ዘንግና በመዶሻ ወደ ውስጥ ሲመታ ይወጣል።

ክብ ቀዳዳ በሚቆርጥ መጋዝ የሚሠሩም አሉ። ቀዳዳውን በእንጨት ደፍነው እንጨቱን መሐል መያዣ ያደርጉታል። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ይሁን እንጂ መጋዙ ነሐስ ላይ ሲነክስ ድሪሉ የእጅ አንጓ ይጠመዝዛል፤ እኔ ግራይንደሩን እመርጣለሁ።

ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ በአሴቶን ጥረጉት። በሁለቱ የፋይበርግላስ ገጾች መካከል ቀላል እንጨት ከታየ፣ በተለይም እርጥብ ከሆነ፣ ሥራው ይረዝማል። እንጨቱን ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቆፍራችሁ አውጡት፣ አድርቁት፣ ቦታውን በወፈረ ኤፖክሲ ሙሉት። ሲጠነክር እንደገና ይበሳል።

አሁን ወደ ግዢው። ነሐስ፣ ወይም ማሬሎን የሚባለው በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይለን ይሁን። አይዝጌ ብረት ያምራል፤ ከውሃ በታች ግን አየር በማያገኝበት ስንጥቅ ውስጥ ሳይታይ ይቦረቦራል። ከሁሉ በላይ ብረቱ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ አስተውሉ። በአሜሪካ የሚሸጠው ማሳለፊያ ጥርሱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ የቤት ቧንቧ ቫልቭ ጥርስ ግን ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ጥቂት ዙር ገብተው ይነክሳሉ፤ የጠበቀ ይመስላል እንጂ የያዘው በሁለት ሦስት ጥርስ ነው። ለማሳለፊያ የተሠራውንና ሰፊ መቀመጫ ያለውን ቫልቭ ግዙ። ኤቢዋይሲ የሚባለው የአሜሪካ የጀልባ ደረጃ አውጪ ተቋም ቫልቩ 227 ኪሎ ግራም የሚያህል ጫና ለ30 ሴኮንድ ሳይሰበር እንዲችል ይጠይቃል። ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅበት፣ የሞተር ባትሪ ቢንሸራተትበት ብላችሁ አስቡት።

ለቫልቩ መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ኮምፔንሳቶ በክብ ቆርጣችሁ፣ ሁሉንም ገጽ በኤፖክሲ ቀብታችሁ በውስጥ በኩል አጣብቁት። ከዚያ ያለ ማሸጊያ ሁሉንም አንድ ጊዜ ግጠሙ። ይህን የሚዘል ሰው አንገቱ ረዝሞ የቫልቩን ውስጥ ሲነካና ራሱ ከሆዱ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር የሚያየው ማሸጊያው እጁን ሁሉ ከለቀለቀው በኋላ ነው። ከረዘመ በብረት መጋዝ አሳጥሩት። ከመቁረጣችሁ በፊት ዳዶውን አስገቡበት፤ ኋላ ስታወጡት የተጎዳውን ጥርስ ያስተካክለዋል።

ማሸጊያውን ከራሱ ሥርና በአንገቱ ዙሪያ ሳትሰስቱ ቀቡ። ስሪኤም 5200 የሚባለውን ማሸጊያ ሁሉም ያወድሰዋል፤ እኔ ግን አያያዙ ለቀቅ ያለውን 4200ን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ይህን ማሳለፊያ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይነቅለዋል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ በውጭ ራሱን እንዳይዞር ይይዛል፣ ሌላው በውስጥ ቫልቩን ያጠብቃል። ማሸጊያው ዙሪያውን እኩል ሲተፋ ይበቃል። አዲሱን ጎማ በሁለት ማሰሪያ እሰሩ፤ ልኩ የሆነ የእንጨት ውታፍም በገመድ ከቫልቩ አጠገብ አንጠልጥሉ።

ጀልባዋ ወደ ውሃ ስትመለስ ለማንሻው ሠራተኛ ቀበቶውን ወዲያው እንዳይፈታ ቀድማችሁ ንገሩት። እናንተ ወለሉን ከፍታችሁ ደረቅ ሶፍት በማሳለፊያው ዙሪያ አዙሩ፤ ቫልቩን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ደግማችሁ በሶፍት እዩት። ጠብታ ካለ ትመለስ፤ የማንሻው ኪራይ ቢደገምም።