በራማን ማይክሮስኮፕ ንጥረ ነገር ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የራማን መሣሪያ ናሙናው ላይ ሌዘር አብርቶ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካል። ቢሳሳቱበትም ስፔክትረም (የብርሃኑን ጥንካሬ በየሞገድ ቁጥሩ የሚያሳይ ግራፍ) ማውጣቱን አይተውም፤ ሶፍትዌሩም ስም ከመስጠት አይቦዝንም። ስሙ የናሙናው መሆኑን ማረጋገጥ የእርስዎ ፋንታ ነው። (ፒክ ማለት በግራፉ ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ ጫፍ ነው፤ ከዚህ በታች ቦታው የተጠቀሰው በሞገድ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ባሉ ሞገዶች ብዛት ነው።)

ሌዘሩን ከመጀመሪያው በሙሉ ኃይል መልቀቅ። እንደ እኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የራማን ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ ጀማሪ ሰው ኃይል መጨመር ይቀናዋል። 100 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ግን ሌዘሩ የሚያርፈው 1 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነች ነጥብ ላይ ነው፤ ጥቁር ናሙናን ለመጉዳት ጥቂት ሚሊዋት ይበቃል። ማግኔታይት የተባለውን የብረት ኦክሳይድ ማዕድን እንውሰድ። ዋና ፒኩ 670 አካባቢ ነው። ኃይሉ ሲበዛበት እዚያው ሌዘሩ ሥር ሄማታይት ወደሚባል ሌላ የብረት ኦክሳይድ ይቀየርና 225፣ 293 እና 412 አካባቢ አዳዲስ ፒኮች ብቅ ይላሉ። ተማሪው «ሄማታይት አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሄማታይቱን የሠራው ግን ራሱ ነው። ኦርጋኒክ ናሙና ላይ ደግሞ 1350 እና 1590 አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ድንገት ከመጡ ናሙናው ከስሎ ሊሆን ይችላል። ከ1 ሚሊዋት በታች ይጀምሩ፣ ያንኑ ነጥብ ደግመው ይለኩ። ሁለቱ ስፔክትረሞች ካልተመሳሰሉ ናሙናው እየተለወጠ ነው። ሲጨርሱም ነጥቡን በነጭ ብርሃን ይዩት፤ ጠባሳ ካለ ልኬቱን ይጣሉት።

መሣሪያውን ሳያስተካክሉ መጀመር። ለማስተካከያ የሚለካው የሲሊከን ፒክ 520.7 አካባቢ መውደቅ አለበት። ጥቂት መንሸራተት ምን ያመጣል ለሚል፦ ካልሳይትና አራጎናይት የተባሉት የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድናት ሁለቱም 1085 አካባቢ ትልቅ ፒክ አላቸው። የሚለያቸው ትናንሾቹ ናቸው፤ ካልሳይት 282 እና 712፣ አራጎናይት 206 እና 705 አካባቢ። 712 እና 705 ተቀራራቢ ስለሆኑ ጥቂት መንሸራተት ያሳስታል።

ፍሎረሰንስን (ናሙናው በሌዘሩ ተነቃቅቶ የሚያወጣውን ሌላ ብርሃን) በሶፍትዌር ለመደበቅ መሞከር። ይህ ብርሃን ከፒኮቹ ሥር የሚፈጥረው ጀርባ ተራራ ሲያክል በስሌት ቢቀንሱት የሚተርፈው ጩኸት (የዘፈቀደ መዋዠቅ) ፒክ መስሎ ይታያል። ይልቅ ሌዘሩን ይቀይሩ። ከ532 ወደ 785 ናኖሜትር መሄድ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ዋጋው ግን የምልክቱ ጥንካሬ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ መቀነሱ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርገው ይለኩ።

ተራ የብርጭቆ ስላይድ መጠቀም። ናሙናው ቀጭን ከሆነ ብርጭቆውን ነው የሚለኩት። ካልሲየም ፍሎራይድ 322 አካባቢ አንድ ፒክ ብቻ ስላለው ይሻላል።

ቀጭን መርፌ የመሰለውን ሁሉ ፒክ ማለት። ከጠፈር የመጣ ጨረር ዳሳሹን ሲመታ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ሲደግሙት ይጠፋል።

ሶፍትዌሩ የሚሰጠውን የመመሳሰል ውጤት ማመን። ፕሮግራሙ ካለው የስፔክትረሞች ስብስብ የሚቀርበውን ይመርጣል፤ የእርስዎ ንጥረ ነገር በስብስቡ ውስጥ ባይኖርም መምረጡ አይቀርም። ውጤቱ ከፍ ቢልም ሁለቱን ስፔክትረሞች ደራርበው ፒክ በፒክ ያመሳክሩ። ያልተገለጸ ፒክ ከቀረ ድብልቅ ይጠርጥሩ። ባዶ ስፔክትረምም ቢሆን ብዙ አያረጋግጥም፦ ብረታ ብረቶች በአብዛኛው ዝም ይላሉ፣ የገበታ ጨውም ደካማና ሰፊ ጉብታ ብቻ ነው የሚሰጠው።