ኤዲኤችዲ ይዞ ሽያጭ ላይ እንዴት መሥራት ይቻላል? ከድሬ ሱቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ቬንትሌተር እሸጣለሁ። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እያለ የሚችለኝ የለም። ጉዱ የሚመጣው ከሄደ በኋላ ነው። አንዴ ምግብ ቤት ያላቸው እናት ስድስት ቬንትሌተር አዘዙኝና «ነገ ጠዋት አደርሳለሁ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ተገናኘን። «አቦ አንተ ልጅ፣ በሙቀት ልትፈጀን ነው እንዴ?» ከሌላ ሱቅ ገዝተዋል።

ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ኤዲኤችዲ (ADHD) ስላለብኝ ነው። ኤዲኤችዲ ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ሐኪም ሲመረምር ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መኖራቸውን ይጠይቃል። ትኩረትን ወደፈለጉት ነገር መምራት፣ የሰሙትን ለጥቂት ደቂቃ መያዝ፣ ጊዜን መገመት ይከብዳል። «ሁለተኛ አልረሳም» ብሎ መማል እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። ማስታወሱን ከጭንቅላት አውርዶ ሌላ ነገር ላይ መጫን ይሻላል።

1. ቃላችሁን ደንበኛው ፊት መዝግቡ። በኋላ እጽፈዋለሁ ማለት አልጽፈውም ማለት ነው። «ይቅርታ እናቴ፣ አንዴ ልያዘው» ብላችሁ ስልኩን አውጡና አላርም ሙሉ። ለአላርሙ ስም ስጡት፦ «ስድስት ቬንትሌተር፣ ምግብ ቤት»። ስም የሌለው አላርም ሲጮህ ለምን እንደሚጮህ አላውቅማ! ሰዓቱም ልዩነት አለው። ዕቃው 4 ሰዓት መድረስ ካለበት የእኔ አላርም የሚጮኸው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ባጃጅ በምጠራበት ሰዓት።

2. የመጨረሻ ዋጋችሁን ክርክር ሳይጀመር ጻፉ። እኔ ችኩል ነኝ። ደንበኛ ዝም ሲል ዝምታው ይጨንቀኝና ሳልጠየቅ እቀንሳለሁ። አሁን የዕለቱን የመጨረሻ ዋጋ ፕላስተር ላይ ጽፌ ካልኩሌተሩ ጀርባ እለጥፋለሁ። ሰው ዋጋ ሲጠራ መጀመሪያ ውሃ እጎነጫለሁ። በድሬ ሙቀት ማን ይጠረጥራል?

3. የዱቤ ደብተሩን ቀትር ላይ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ጨርሱ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ብቻዬን ከሆንኩ አልነካውም፤ ጎረቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የራሱን ሒሳብ ሲሠራ ግን እጨርሳለሁ።

4. በምርቃና አትተማመኑ። «ጫት ይሰበስበኛል» የሚል አይጠፋም፣ እኔም ብዬ አውቃለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ለኤዲኤችዲ መድኃኒትነት ከሚያገለግለው ከአምፌታሚን ጋር ስለሚቀራረብ ለጊዜው እውነት ይመስላል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይብስበታል። መድኃኒት ያስፈልገኛል የሚል ሳይካትሪስት ያማክር። መድኃኒት የጀመረም ጫት የሚቅም ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቅ።

5. የእናንተ ችግር ሌላ ከሆነ ዘዴውን ለውጡት። ቁጥር የሚገላበጥበት ሰው ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ደንበኛው ያርመዋል። ኦቲዝም ኖሮበት ወሬ መጀመር የሚከብደው ደግሞ ሁለት ሦስት መክፈቻ ጥያቄ አስቀድሞ ያዘጋጅ። «ለስንት ክፍል ነው የፈለጉት?» ከሙቀቱ ወሬ በተሻለ ይሸጣል።

6. ለአለቃ የበሽታ ስም መናገር ግዴታ አይደለም፤ የምትፈልጉትን ተናገሩ። እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ትዕዛዙን በቃል ከሚነግሩኝ በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ አንድም አይጠፋብኝም።» አሁን በቮይስ ይልካሉ። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ቮይስ ቢሆንም ደግሜ መስማት እችላለሁ።