የማስታወቂያ ተማሪዎች ፕሮጀክት ላይ የሚሰሯቸው ስህተቶች (ፎቶሾፕ ከመክፈታችሁ በፊት አንብቡት)

የተማሪ ፕሮጀክት ማየት ደስ የሚለኝን ያህል ያበሳጨኛልም፣ ለምን መሰላችሁ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ችሎታ አይደለም። ልጆቹ ሶፍትዌር ይችላሉ፣ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋሉ፣ ሞሽን ይሰራሉ፣ ግን ፖስተሩን አይታችሁ "እሺ ምን ልትሉኝ ፈልጋችሁ ነው?" ስትሏቸው ዝም። ስለዚህ እዚህ የማወራው አብዛኛው ስለ ማሰብ ነው፣ ስለ ዲዛይን ትንሽ ነው የምለው።

ብሪፉን ሳይጨርሱ ዲዛይን መጀመር

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ብሪፍ (ምን እንደሚሰራ የሚነግራችሁ የስራ ትዕዛዝ) በተሰጠ ማታ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ ፎንት ይመረጣል፣ ከለር ይመረጣል፣ ሁለት ሶስት ቀን ተለፍቶበት የሚያምር ነገር ይወጣል፣ ሀሳብ ግን የለውም። ደሞ አንዴ ከለፋችሁበት በኋላ መጣሉ ስለሚያሳዝናችሁ ላልነበረ ሀሳብ ምክንያት መፈለግ ትጀምራላችሁ፣ "ሰማያዊው እምነትን ይወክላል፣ ክቡ አንድነትን ያሳያል" ምናምን። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሶስት ነገር ይፃፍ፦ የምናወራው ለማን ነው፣ ሰውዬው አሁን ስለ እቃው ምን ያስባል፣ ማስታወቂያውን ካየ በኋላስ ምን እንዲያስብ ወይ እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው። እያንዳንዱ በአንድ መስመር ካልወጣላችሁ ላፕቶፑ ይዘጋ።

ስለ እቃው ማንበብም አለ፣ እሱን ማንም አይወደውም። ታዋቂው የማስታወቂያ ሰው ዴቪድ ኦጊልቪ በ1950ዎቹ መጨረሻ የሮልስ ሮይስን ማስታወቂያ ሲሰራ 3 ሳምንት ስለ መኪናው ሲያነብ ነው የከረመው፣ እና ያቺ ታዋቂዋ ሄድላይን (የማስታወቂያው ርዕስ)፣ በሰዓት 60 ማይል እየሄዳችሁ እንኳ መኪናው ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ድምፅ ነው የምትለዋ፣ እያነበበ ያገኛት ነች እንጂ ቁጭ ብሎ የፈለሰፋት አይደለችም።

"ታርጌታችን ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶች ናቸው"

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ፕረዘንቴሽን ላይ እንዳየኋት! የ18 ዓመቱ ልጅ ገና ከቤት መውጣቱ ነው፣ የ35 ዓመቷ ሴት ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ ስራ ትሮጣለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ ምን ብላችሁ ነው የምታናግሯቸው? ዕድሜና ፆታ ለሚዲያ ግዢ (ማስታወቂያው የት እንደሚወጣ ለመምረጥ) ሊጠቅም ይችላል፣ ሀሳብ ለማፍለቅ ግን ምንም አይረዳም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። እቃው እንቅልፍ እንዳይረበሽ ጆሮ ውስጥ የሚደረገው መድፈኛ ነው እንበል። "ወጣቶች" ብላችሁ ከተነሳችሁ የሚመጣው ፈገግ ብላ የተኛች ልጅ ፎቶና "ሰላማዊ እንቅልፍ" የሚል ፅሁፍ ነው፣ ክላሱ ውስጥ ያለው ግሩፕ በሙሉ ይሄንኑ ይዞ ይመጣል። አሁን ሰውዬውን እናጥብበው፦ ዶርም ውስጥ የሚያንኮራፋ ጓደኛ ያለው ተማሪ። ይሄ ልጅ ምንድነው የሚያስጨንቀው? እንቅልፉ ብቻ አይደለም፣ ጓደኛውን ቀን ቀን ይወደዋል፣ ሌሊት ግን ትራስ ሊወረውርበት ይደርሳል፣ እንዳይነግረው ደግሞ ያፍራል። አያችሁ፣ ችግሩ ከጆሮ ወጥቶ ጓደኝነት ውስጥ ገባ። ስለዚህ "ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም ጓደኛዬ ነው" የሚል ሄድላይን ይወጣል፣ ከስሩ መድፈኛው ብቻውን ይቀመጣል፣ የተኛ ሰው ፎቶ እንኳ አያስፈልግም። ኢንሳይት የሚባለው ይሄ ነው፣ ሰዉ ውስጡ የሚያውቀው ግን ጮክ ብሎ የማይለው ነገር። "ሰዎች ጥሩ እንቅልፍ ይፈልጋሉ" ኢንሳይት አይደለም፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ሀሳብ ማግባት

መጀመሪያ የመጣላችሁ ሀሳብ ለሌላውም መጀመሪያ የመጣለት ነው፣ በቃ። ሃያ ሰላሳ ሀሳብ በእጅ፣ በሻካራ ስኬች ወረቀት ላይ አስፍሩ፣ ከአስር በኋላ "አለቀብኝ" የምትሉበት ሰዓት ይመጣል፣ እዛች ጋ ነው ነገሩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ።

ሁሌ ናይኪ፣ ሁሌ ኮካ

ብራንድ ምረጡ ሲባል ክላሱ በሙሉ ናይኪ ይመርጣል። ናይኪ ከ1988 ጀምሮ "ጀስት ዱ ኢት" እያለ የምርጥ ምርጥ ኮፒራይተሮችን (የማስታወቂያ ፅሁፍ የሚፅፉትን) ስራ ሲያወጣ የኖረ ብራንድ ነው፣ እናንተ የምትሰሩት ከዛ ጋር ነው የሚወዳደረው፣ ለምን ራሳችሁን ትቀጣላችሁ? ስቴፕለር፣ የመድን ድርጅት፣ የሚረሳ እቃ ውሰዱ። ደከም ያለ ነገር ያለው ብራንድ ደሞ ወርቅ ነው፦ ኤቪስ የሚባለው የመኪና አከራይ በ1962 ሁለተኛ ነን ብሎ በግልፅ ተናግሮ፣ ሁለተኛ ስለሆንን የበለጠ እንጥራለን አለና ሽንፈቱን መሸጫ አደረገው። ድክመቱን ከመሸፈን በፊት እሱ ራሱ ሀሳብ ይሆን እንደሆነ እዩት።

ሄድላይኑና ፎቶው አንድ ነገር ሲያወሩ

ፎቶው ላይ የሚሮጥ ሰው፣ ፅሁፉ "ሩጥ"። አንዱ ይበቃል እኮ! የቮልስዋገን የ1959 ማስታወቂያ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በዚህ ነው፣ ገፁ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ጥግ ላይ ትንሽዬ መኪና፣ ከስር "ትንሹን አስቡ" የሚል። ፎቶውን ብቻ ብታዩት ግራ ይገባችኋል፣ ፅሁፉን ብቻ ብታነቡትም እንደዛው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጠቅ የሚለው። ያንን የሰራው የቢል በርንባክ ኤጀንሲ ኮፒራይተሩንና አርት ዳይሬክተሩን (ምስሉን የሚመራውን) አንድ ላይ አስቀምጦ በማሰራት የሚታወቅ ነው፣ ከዛ በፊት በብዙ ቦታ ፀሐፊው ፅፎ ለሰዓሊው ይልክ ነበር። የግሩፕ ስራ ላይ "አንቺ ፃፊ እኔ ዲዛይን አደርጋለሁ፣ እሁድ እንገናኝ" ስትባባሉ ወደዛ ዘመን እየተመለሳችሁ ነው። ቢልቦርድ ላይ ደግሞ ከሰባት ቃል በላይ ለመፃፍ በጣም ጥሩ ምክንያት ያስፈልጋችኋል፣ ሰዉ እየነዳ ነው።

ሶስት ፖስተር ካምፔን አይደለም

አንድ ፖስተር ይሰራና ፎቶው ሁለቴ ተቀይሮ "ካምፔን" (በአንድ ሀሳብ የተያያዙ ማስታወቂያዎች) ይባላል፣ ከዛ ያው ምስል አውቶቢስ ፌርማታ ሞካፕ (ስራው እቦታው ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምስል) ላይ፣ ስልክ ሞካፕ ላይ፣ ቲሸርት ላይ ይለጠፋል። የጆሮ መድፈኛው ሀሳብ ሬዲዮ ላይ ሲሄድ ምን ይሆናል? ዶርሙ በር ላይስ? ሬዲዮው በማንኮራፋት ተጀምሮ ድንገት ፀጥ ሊል ይችላል፣ በሩ ላይ ደሞ ለጓደኛ በስጦታ የሚተው ትንሽ ፓኬት ሊሆን ይችላል። ሀሳቡ ቦታ ሲቀይር መልኩን መቀየር ካልቻለ ያላችሁ አንድ ጥሩ ፖስተር ነው፣ እሱም ችግር የለውም፣ ስሙን ብቻ ካምፔን አትበሉት።

ያልሆነ ውጤት መፃፍ

ስለዚህ ብዙ ሰው አያወራም፣ እኔን ግን ያናድደኛል። ኬዝ ቪዲዮው (ስራውንና ውጤቱን የሚያስረዳው ቪዲዮ) መጨረሻ ላይ "ሽያጭ በ40% ጨመረ፣ ሚሊዮኖች ሼር አደረጉት" ይላል፣ ማስታወቂያው ግን ከክላስ አልወጣም! ፖርትፎሊዮ (የስራዎቻችሁን ስብስብ) የሚያይ ሰው ይሄን ካገኘ ሌላውንም አያምናችሁም። ያልታዘዛችሁትን ስራ የብራንዱን ሎጎ አድርጋችሁ ስትለጥፉም የተማሪ ስራ መሆኑን ፃፉበት፣ የግሩፕ ከሆነም የትኛው ክፍል የናንተ እንደሆነ። በኤአይ የወጣ ምስልም እንዲሁ፣ ተጠቀሙ ግን ንገሩ፣ ደሞ ጣቶቹንና ከኋላ ያለውን ፅሁፍ አጉልታችሁ ቼክ አድርጉት እባካችሁ።

ቴክኒኩን ቶሎ ልለፈው፦ ለህትመት ሲሆን ሲኤምዋይኬ (የህትመት ከለር አይነት)፣ 300 ዲፒአይ (የምስሉ ጥራት)፣ በየጠርዙ 3 ሚሊሜትር ብሊድ (ሲቆረጥ የሚወገድ ትርፍ)፣ የፎቶና የፎንት ላይሰንስ ማረጋገጥ። ይሄ በማታው የሚስተካከል ነገር ነው፣ ግን ማተሚያ ቤት ደርሳችሁ ካስታወሳችሁት ሌሊቱ አለቀ።

አስተያየት ሲሰጣችሁ መከራከር

አንድ ሰው "አልገባኝም" ሲል "እኛ እኮ ለማለት የፈለግነው..." ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሰው ስልኩ ላይ ሲያየው አጠገቡ ቆማችሁ አታስረዱትም። ከማስረከባችሁ በፊት ፕሮጀክቱን የማያውቁ አምስት ሰዎች ፈልጉ፣ ፖስተሩን ለአምስት ሴኮንድ አሳዩና ደብቁት፣ ከዛ ምን እንዳዩና የማን ማስታወቂያ እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሳቸውን ሳታርሙ ፃፉት። ቀልዱን አስታውሰው ብራንዱን ከረሱት ሎጎ ማሳደግ አይፈታውም፣ ያንን ማስታወቂያ ማንም ብራንድ ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ወደፃፋችኋቸው ሶስት መስመሮች ሂዱና እቃው የቱ ጋ እንደጠፋ ፈልጉ።